ዱም… ታ፣ ዱም… ታ፦ የራሳችንን የከበሮ ስልት ለአጃቢ ሶፍትዌር መጻፍ

ደሴ ውስጥ ኦርጋን የሚነካ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ዜማው የኛ ነው፣ ቅኝቱ የኛ ነው፣ ከበሮው ግን የሰው አገር ነው። ማሽኑ ውስጥ ቦሳኖቫ አለ፣ ዋልዝ አለ፣ ሬጌ አለ። የኛን የሚመስል ስንፈልግ «6/8» የሚል እናገኝና እሱኑ እንጭናለን። ይቀራረባል፣ አይካድም። ግን እስክስታ ሊወርድ የተነሳው ሰው ትከሻውን ይዞ ይቆማል። የሚያጨበጭበውም እጁ ከማሽኑ ጋር ይጣላል።

እኔም ለዓመታት በዚያው ስዘልቅ ቆየሁ። በኋላ ግን የከበሮውን ስልት ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። እንደፈራሁት ከባድ አልነበረም። ከባዱ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እዚያ ስንደርስ አሳያችኋለሁ።

የምጠቀመው ፕሮግራም ኤም ኤም ኤ ይባላል። ሙሉ ስሙ ሙዚካል ሚዲ አኮምፓኒመንት ነው። በነፃ የሚገኝ ነው። በፓይተን የተሠራ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ፓይተን መኖር አለበት። የሚጫን ቁልፍ፣ የሚጎተት ሥዕል ምናምን የለውም። ጽሑፍ ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ሚዲ ፋይል ያወጣላችኋል፤ ድምፁን ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚይዝ ፋይል ማለት ነው። መጀመሪያ ያስፈራል፣ አብሽሩ። ሌላ ፕሮግራም ወይም ስታይል መሥሪያ ያለው ኪቦርድ ካላችሁም ይህ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል። የትእዛዙ ስም ይለያይ እንጂ ሒሳቡ ያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ። ትእዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። እኔ እዚህ አነባበባቸውን በፊደላችን አስቀምጫለሁ። ስትጽፉ ወደ ላቲን መልሷቸው። ለፓተርኖቻችሁ፣ ማለትም ለምት ንድፎቻችሁ፣ የምታወጡትንም ስም እንዲሁ።

መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በእጅ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱት።

የሰፈራችን ሰርግ ላይ ከበሮ የሚመቱ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ እስቲ ይህን ምት ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ምኑ ይቆጠራል አንተ ልጅ? ይመታል እንጂ!» አሉና ከበሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። እየመቱ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ዱም… ታ፣ ዱም… ታ» ይላሉ። መቁጠር ማለት ይኸው ነው፤ እሳቸው ስም አልሰጡትም እንጂ።

እናንተም እንደዚያ ጀምሩ። ልትጽፉት የፈለጋችሁትን ስልት በአፋችሁ በሉት። የከበሮው ሰፊ አፍ ወፍራም ድምፅ ነው፣ እሱን «ዱም» በሉት። ጠባቡ አፍ ቀጭን ነው፣ «ታ» ይሁን። በአፋችሁ ሳትሳሳቱ ሃያ ጊዜ ደጋግማችሁ ማለት ካልቻላችሁ ልትጽፉት አትችሉም። የተረጋጋ ነገር ነው የሚጻፈው።

ከዚያ እግራችሁን ጨምሩ። አፋችሁ ዱም ታ ሲል እግራችሁ የት ላይ ነው መሬት የሚመታው? ጭብጨባውስ የት ነው የሚወድቀው? ይህን ስልት ስሠራ እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው፦ እግርም ጭብጨባም «ዱም» ላይ፣ «ታ» ደግሞ ከዱም ራቅ ብሎ የሚቀጥለውን ዱም ሊነካው ሲል። ችክችካ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። እዚህ የማሳየው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የሐይቁ ሰርግ፣ የወረኢሉው፣ የራያው አንድ አይደሉም። የኔን ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙት። መንገዱን ያዙት፣ ቁጥሩን ከራሳችሁ ሰፈር አምጡ።

ስድስት ሳጥን

አሁን ወረቀትና እርሳስ። አንድ መስመር ላይ ስድስት ሳጥን ሥሩ። ከላያቸው ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጻፉ። ይህ አንድ ባር ነው። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ስምንተኛ ኖታ ነው፤ 6/8 የሚባለው ይኸው ነው።

ቀስ ብላችሁ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጠሩ። አፋችሁ «ዱም» የሚለው 1 እና 4 ላይ ይውላል። «ታ» የሚለው 3 እና 6 ላይ ነው። 2 እና 5 ባዶ ናቸው። ባዶዎቹን አትናቋቸው። ስልቱ እያነከሰ የሚሄድ የሚመስለው፣ ያ ጣፋጭ ዝላይ የሚመጣው፣ እነሱ ባዶ ስለሆኑ ነው። ጀማሪ ሰው ስድስቱንም ሳጥን መሙላት ይወዳል። ይሞላውና ከበሮው የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል።

ሦስት መስመር ሥሩ፦ አንድ ለወፍራሙ፣ አንድ ለቀጭኑ፣ አንድ ለጭብጨባው። እያንዳንዱ መስመር ላይ የራሱን ምት ብቻ ምልክት አድርጉ። ሦስቱን አንድ መስመር ላይ ማጨቅ ይቻላል፣ ግን በኋላ አንዱን ብቻ ዝቅ ማድረግ ስትፈልጉ ትቸገራላችሁ።

ሳጥኑን ወደ ቁጥር መቀየር

አሁን ጠመዝማዛው ቦታ ደረስን። ኤም ኤም ኤ የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። ስድስት ስምንተኛ ማለት ሦስት ሩብ ነው። ስለዚህ ባሩ ለፕሮግራሙ 3 ቆጠራ ያለው ነው፤ የኛ ስድስት ሳጥኖች በግማሽ በግማሽ እየዘለሉ ይቀመጣሉ።

ሳጥን 1 ማለት 1 ነው። ሳጥን 2 ማለት 1.5፤ ሳጥን 3 ማለት 2፤ ሳጥን 4 ማለት 2.5፤ ሳጥን 5 ማለት 3፤ ሳጥን 6 ማለት 3.5።

መሸምደድ አያስፈልግም። የሳጥኑ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩና ለሁለት አካፍሉ። ሳጥን 4 ከሆነ፣ አምስት ለሁለት፣ 2.5። ቆጠራው ከዜሮ ሳይሆን ከ1 እንደሚጀምር ልብ በሉ።

የኛ ሁለተኛ ዱም 2.5 ላይ መዋሉን አያችሁ? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባሩ 3 ቆጠራ አለው ሲባል ጠንካራ ምቱን 1፣ 2 እና 3 ላይ ያደርጋል። ያ ዋልዝ ነው። ከኛ ስልት ጋር የባሩ ርዝመት እኩል ነው፣ አከፋፈሉ ግን ሌላ ነው። ስድስቱን ሳጥን ዋልዝ በሁለት ሁለት ይከፍለዋል፣ እኛ በሦስት ሦስት።

አንድ ምት፣ ሦስት ቁጥር

ለእያንዳንዱ ምት ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ጉልበት።

«የት» የሚለውን ጨርሰናል። «ለምን ያህል ጊዜ» ለሚለው ከበሮ ላይ 0 መጻፍ ይበቃል። ከበሮ እንደ ማሲንቆ ድምፁ አይጎተትም፤ ተመታ፣ አለቀ። 0 ስትሉት ፕሮግራሙ እጅግ አጭር ኖታ ያደርገዋል፤ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል። የራሳችሁን ቅጂ ስትጠቀሙ ይህ ነገር ይቀየራል፣ ወደ ታች አለ።

«ጉልበት» እስከ 127 የሚሄድ ቁጥር ነው። ነፍሱ ያለው እዚህ ነው። ሁሉንም ምት 100 ካደረጋችሁት ቦታው ትክክል ሆኖ እንኳ የሞተ ነገር ይወጣል። የእትዬን እጅ በደንብ ስመለከት የመጀመሪያው ዱም ከትከሻ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ዱም ከእጅ አንጓ ነው። የመጀመሪያው ታ በጣት ጫፍ ነው፤ ሁለተኛው ታ ደግሞ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ምክንያቱም ወደሚቀጥለው ባር ይገፋል። እኔ ይህን እንዲህ ጻፍኩት፦ የመጀመሪያው ዱም 110፣ ሁለተኛው 92፣ የመጀመሪያው ታ 78፣ ሁለተኛው 86።

ቁጥሮቹን ስትመርጡ ልዩነታቸውን አጉሉት። 100 እና 97 መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አይሰማውም፤ አዳራሽ ውስጥማ ጭራሽ።

ድምፁን መምረጥ

ጄኔራል ሚዲ የሚባል ስምምነት አለ፤ ከ1991 ጀምሮ ይሠራበታል። የከበሮ ነገር ሁሉ በ10ኛው ቻናል እንዲሄድ፣ ከ35 እስከ 81 ያለው እያንዳንዱ የኖታ ቁጥርም የታወቀ አንድ መሣሪያ እንዲሆን ወስኗል። 36 ባስ ድራም ነው፣ 38 ስኔር፣ 39 ጭብጨባ፣ 42 የተዘጋ ሃይሃት፣ 54 ታምቡሪን።

ከበሮ የሚል የለም። ድቤም የለም። ስለዚህ የሚቀርበውን መበደር ነው። ለወፍራሙ 64ን፣ ማለትም ሎው ኮንጋን እወስዳለሁ። ለቀጭኑ 63 ወይም 62 ይሆናል፤ ሁለቱም ሃይ ኮንጋ ናቸው፣ 62 የታፈነው ነው። ብዙ ሰው ለወፍራሙ 36ን ይመርጣል። እኔ አልወደውም። ባስ ድራም በእግር የሚመታ ነገር ነው፣ ቆዳው ላይ መዳፍ አይሰማም። ድምፅ ማጉያው ትልቅ ከሆነና ሆድ የሚነካ ነገር ከፈለጋችሁ 64ን ዋና አድርጋችሁ 36ን ከሥሩ በዝቅተኛ ጉልበት ደርቡት።

ወደ ፋይሉ

ማንኛውም ተራ ጽሑፍ መጻፊያ ይሆናል። ዎርድ ግን አይሆንም፤ የማይታይ ነገር ይጨምራል። አዲስ ፋይል ክፈቱና ስሙን በኤም ኤም ኤ ቅጥያ አስቀምጡት። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

ታይም 3
ታይምሲግ 6 8
ሲክሳይዝ 4
ቴምፖ 150

ታይም ባሩ ስንት ሩብ ኖታ እንዳለው ይናገራል። ታይምሲግ ሚዲ ፋይሉ ላይ የሚጻፍ መለያ ነው፤ ምቱን አይቀይረውም። ሲክሳይዝ ስልታችን ስንት ባር ሄዶ እንደሚደገም ነው። ቴምፖ 150 ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ። ታይም ከፓተርኖቹ በፊት መቅደም አለበት።

ቀጥሎ ፓተርኖቹ። ትእዛዙ ድራም ዲፋይን ነው፤ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ሦስት ሦስቱ ቁጥሮች። ምትን ከምት የሚለየው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ያለበት የላቲኑ ምልክት ነው፤ እዚህ በ«፣» ያሳየሁትን ስትጽፉ በእሱ ተኩት።

ድራም ዲፋይን ወፍ1 1 0 110፣ 2.5 0 92
ድራም ዲፋይን ወፍ2 1 0 110፣ 2.5 0 92፣ 3.5 0 60
ድራም ዲፋይን ቀጭ1 2 0 78፣ 3.5 0 86
ድራም ዲፋይን ቀጭ2 2 0 70፣ 2.5 0 78፣ 3 0 88፣ 3.5 0 100
ድራም ዲፋይን ጭብ1 1 0 70፣ 2.5 0 76

ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ትንሽ ዱም ጨምሬአለሁ፤ ስድስተኛው ሳጥን ላይ፣ በ60 ጉልበት። ብቻዋን ስትሰሟት ኢምንት ናት። ባር አልፎ ባር ስትገባ ግን ስልቱ ይተነፍሳል። አራተኛው መስመር ፊል ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ የሚገባ ማሸጋገሪያ ምት፤ ቀጭኑ ከበሮ ከሳጥን 3 ጀምሮ እየጠነከረ ይንከባለላል።

አሁን ትራኮቹ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ትራክ ይከፈታል። ቶን በሚለው መሣሪያውን፣ ሲኩዌንስ በሚለው የአራቱን ባር ቅደም ተከተል ትሰጡታላችሁ።

ድራም-ወፍራም ቶን ሎውኮንጋ
ድራም-ወፍራም ሲኩዌንስ ወፍ1 ወፍ2 ወፍ1 ወፍ2
ድራም-ቀጭን ቶን ኦፕንሃይኮንጋ
ድራም-ቀጭን ሲኩዌንስ ቀጭ1 ቀጭ1 ቀጭ1 ቀጭ2
ድራም-ጭብጨባ ቶን ሃንድክላፕ
ድራም-ጭብጨባ ሲኩዌንስ ጭብ1 ጭብ1 ጭብ1 ጭብ1

ፊሉ አራተኛው ባር ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ወፍራሙ ግን በዚያም ባር ሥራውን እንዳላቆመ ተመልከቱ። ፊል ሲመጣ ወፍራሙን ካቆማችሁት ጨፋሪው መሬቱ ከእግሩ ሥር ይሸሻል።

በመጨረሻ ዴፍግሩቭ ብላችሁ ለስልቱ ስም ስጡት፣ «ሰርግ» እንበለው። ከዚያ ግሩቭ ሰርግ ብላችሁ ጥሩት። ለመጀመሪያ ሙከራ ኮርድ አትጻፉ። የኮርዱ ቦታ ላይ ዜድ የምትለዋን የላቲን ፊደል አድርጉ፤ ከከበሮ በስተቀር ሁሉም ዝም ይላል።

1 ዜድ * 8

ይህ ስምንት ባር ከበሮ ብቻ ማለት ነው። ፋይሉን ለኤም ኤም ኤ ስትሰጡት በዚያው ስም ሚዲ ፋይል ያወጣል። እንደ ፍሉይድሲንዝ ወይም ቲሚዲቲ ባለ ማጫወቻ ስሙት። የስህተት መልእክት ከመጣ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተረሳ መለያ ምልክት ወይም ከባሩ የወጣ ቦታ ነው፤ 4 ብሎ መጻፍ ለምሳሌ። በኛ ባር ውስጥ 4 የሚባል ቦታ የለም፣ እሱ የሚቀጥለው ባር መጀመሪያ ነው።

ቴምፖ፣ ያዋረደኝ ነገር

ቃል የገባሁት ከባዱ ቦታ አንዱ ይኸው። የመጀመሪያ ስልቴን ይዤ ሐይቅ አካባቢ አንድ ሰርግ ሄድኩ። ቤት ሆኜ ዘፈኑን እያጨበጨብኩ ቆጥሬ ነበር፤ በደቂቃ 100 ጭብጨባ። ፋይሉ ላይ ቴምፖ 100 ብዬ ጻፍኩ። በችኮላ ሳልሰማው ወጣሁ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ አስጀመርኩት፣ ከበሮው መጎተት ጀመረ። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ። አንዱ ሚዜ ጆሮዬ ላይ መጥቶ «ምነው ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት አደረግኸው እኮ» አለኝ።

ምን ሆነ? እኔ የቆጠርኩት ጭብጨባ ሦስት ሳጥን ይይዛል። ፕሮግራሙ ቴምፖ የሚለው ግን ሩብ ኖታን ነው፤ እሱ ሁለት ሳጥን ነው። ስለዚህ 100 ያልኩት በጭብጨባ ወደ 67 ገደማ ወረደ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጭብጨባውን ቁጠሩ፣ በአንድ ተኩል አባዙ። 100 ከሆነ 150። 110 ከሆነ 165። ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ካሰለቻችሁ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙ። ማረጋገጫም አለ፦ በ150 ቴምፖ የኛ አንድ ባር 1.2 ሰከንድ ይፈጃል፤ ስምንት ባር 10 ሰከንድ አይሞላም። ፋይሉ ከዚያ ከረዘመ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

መንዙማ የሚመስል ነገር ለመሥራት የምትፈልጉ ሌላ ነገር ያስፈልጋችኋል። እዚያ ድቤው ረጋ ብሎ ይጀምርና እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። አንድ ቴምፖ ጽፎ መተው አያዋጣም። ከቴምፖው ቁጥር ቀጥሎ ሁለተኛ ቁጥር ስትጨምሩ፣ ፕሮግራሙ በዚያን ያህል ባር ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አዲሱ ፍጥነት ይደርሳል። ቴምፖ 120 16 ማለት በ16 ባር ውስጥ 120 ድረስ ማለት ነው። ረጅም አድርጉት። በአራት ባር የሚፈጥን ነገር መሞቅ ሳይሆን መደንበር ነው።

ትንሽ ማዛነፍ

ሰው እንደ ማሽን እኩል አይመታም። አርታይም የሚል ትእዛዝ ምቱን በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳል፤ አርቮልዩም ጉልበቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አርታይም የሚለካው በቲክ ነው፤ ኤም ኤም ኤ አንድ ሩብ ኖታን 192 ቲክ ያደርጋል። በ150 ቴምፖ አንድ ቲክ ሁለት ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ለቀጭኑ ከ4 እስከ 6 ቲክ ይበቃዋል። ለጭብጨባው ከ8 እስከ 10 ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ አሥር ሰው ሲያጨበጭብ መቼ ነው አንድ ላይ ወድቆ የሚያውቀው? ወፍራሙን ግን አትንኩት። ሁሉም የሚደገፈው እሱ ላይ ነው።

የራሳችሁን ከበሮ ማስገባት

ኮንጋው ለጊዜው ነው። እስካሁን የሠራችሁት ከያዘላችሁ በኋላ ግን ጆሯችሁ ማማረር ይጀምራል፣ ትክክልም ነው። እውነተኛ ከበሮ ቅዱ። ጸጥ ያለ ክፍል ይሁን፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ የምትኖሩ ሌሊት ጠብቁ። ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ስልክም ይሆናል፣ ከከበሮው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሰፊውን አፍ አሥር ጊዜ ምቱ፦ ቀስ ብላችሁ፣ መካከለኛ፣ በኃይል። በምቶቹ መካከል ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቁ። ጠባቡንም እንዲሁ።

ከዚያ ምቶቹን ለየብቻ ቁረጡ። ይህ ነው ሁለተኛው ከባድ ቦታ። ምቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ዝምታ እስከ መጨረሻዋ አጥፏት። 20 ሚሊ ሰከንድ ብትቀር ለዓይን ምንም አይደለችም፤ በ150 ቴምፖ ግን ወደ 10 ቲክ መዘግየት ነች። ያኔ ከበሮው ሁልጊዜ ከጭብጨባው ኋላ ይጎተታል፤ እናንተ ደግሞ ጥፋቱን ቁጥሮቹ ላይ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። እኔ ሁለት ቀን ፈልጌአለሁ።

የተቆረጡትን በሞኖ፣ በ16 ቢትና በ44100 ኸርትዝ ዌቭ ፋይል አስቀምጡ። ፖሊፎን የሚባል ነፃ የሳውንድፎንት (የተቀዱ ድምፆች የሚታጨቁበት ፋይል) ማዘጋጃ አለ፤ እሱ ውስጥ አስገቧቸው። ወፍራሙን 64 ላይ፣ ቀጭኑን 63 ላይ ካስቀመጣችሁ የጻፋችሁት ፋይል ሳይነካ ይሠራል። ቀስ ብሎ የተመታው ለዝቅተኛ ጉልበት፣ በኃይል የተመታው ለከፍተኛው እንዲውል ክልል ስጧቸው። ፕሪሴቱ፣ ማለትም የድምፆቹ ስብስብ፣ ባንክ 128 ውስጥ ይሁን፤ ሳውንድፎንት ውስጥ የከበሮ ቦታ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ያቺ 0 ትመለሳለች። የራሳችሁ ቅጂ ኖታው ሲያበቃ ድምፁም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ «ዱም» የነበረው «ድ» ይሆናል። ሁለት መፍትሔ አለ። ወይ ፖሊፎን ውስጥ ሪሊዝ የሚለውን (ኖታው ካበቃ በኋላ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ) አስረዝሙት፣ ወይ ፓተርኑ ላይ በ0 ፋንታ 8 ጻፉ፤ አንድ ስምንተኛ ኖታ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ አንዴ ተሠርቶ ያልቃል።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ቀድቼ ለሰርግ ዘፈን አላውልም። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፣ የኔ ደንብ ነው። የሰርጉ ከበሮ አለልን።

ኮርድ ስትጨምሩ

በአጭሩ ልለፈው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ። ባቲና አምባሰል የአገራችን ቦታዎች ናቸው፤ በስማቸው የሚጠሩት ቅኝቶች ደግሞ አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። አጃቢ ሶፍትዌር ግን ሙሉ ኮርድ መጫወት ይወዳል፤ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ያስገባና አምባሰሉን ያበላሸዋል። ከከበሮው ጋር ባስ ብቻ አድርጉ፤ ወይም የኮርዱን የላቲን ፊደል ከ5 ጋር ጽፋችሁ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ አጫውቱ። አንቺሆዬ ላይ ይህም አይሠራም፣ አምስተኛው ድምፅ ራሱ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ከበሮውና ባሱ መነሻው ላይ ይቁሙ፣ ዜማው ብቻውን ይሂድ።

ፈተናው

ሲያልቅ የ32 ባር ፋይል አውጡና ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ዘፈን አትጨምሩበት። ከበሮ መምታት ለሚያውቅ፣ ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ግን ለማያውቅ ሰው አሰሙት። አስተያየት አትጠይቁ፣ ሰው ይሉኝታ አለው፣ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። እጁን ብቻ ተመልከቱ። እኔ ለእትዬ ሳሰማቸው ቡና እየቆሉ ነበር። ጥቂት ባር እንደሄደ የያዙት መቁያ ምጣዱን በምቱ ይነካው ጀመር። ፊሉ ጋ ሲደርስ ቆም አሉ። ቤት ገብቼ ቀጭ2ን ከፈትኩና 3 ላይ ያለችውን ምት አወጣኋት።

በማግስቱ መልሼ አሰማኋቸው። መቁያው አልቆመም።